የኦቦ ሞቱማ ታስክባር

ሥልጣኔ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት በየት በኩል እንደሚገባ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። አንዳንዱ ዘንድ በበር ይገባል፣ አንዳንዱ ዘንድ በመስኮት። አምቦ ከተማ ውስጥ ባለ፣ ስሙን ጠርተን በማናስቀይመው አንድ ጽሕፈት ቤት ግን ሥልጣኔ የገባው በኮምፒውተሮቹ ስክሪን ታችኛው ጠርዝ በኩል ነው። እዚያ ጠርዝ ላይ የፕሮግራሞች ምልክት የሚደረደርባት፣ ጥጓ ላይ ሰዓትና ቀን የሚነበብባት ቀጭን መስመር አለች፤ ታስክባር ትባላለች። እስከ 2011 ዓ.ም. መስከረም ድረስ በዚያ ቤት ልብ ብሎ ያያት ሰው አልነበረም። ሠራተኛው ምንም እንዳልጎደለበት ሰው ጠዋት ይመጣል፣ ኮምፒውተሩን ይከፍታል፣ ሥራውን ሠርቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ጨለማ ውስጥ ነበር የሚኖረው።

ከዚህ ጨለማ ያወጡት ኦቦ ሞቱማ ናቸው። ኦቦ ሞቱማ የጽሕፈት ቤቱ ተጠባባቂ ኃላፊ ናቸው። በአነጋገራቸውም፣ በአረማመዳቸውም፣ በሰላምታቸውም ሙሉ ኃላፊ ናቸው፤ "ተጠባባቂ" የምትለዋ ቃል ብቻ ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ትቆረቁራቸዋለች። ከዞን የተጻፈላቸው ደብዳቤ በቦታው እስከ ጥቅምት ሠላሳ ድረስ እንዲቆዩ ይፈቅዳል። እስከዚያ ዞኑ ካጸደቀላቸው ወንበሩ የራሳቸው ነው፤ ካላጸደቀላቸው ከኅዳር አንድ ጀምሮ ምክትላቸው አዴ ጌጤነሽ ይቀመጡበታል። አዴ ጌጤነሽ ወንበሩን ተመኝተውት አያውቁም። ደንብ አክባሪ ሴት ስለሆኑ ግን ደንብ ተቀመጪ ካላቸው ይቀመጣሉ፣ ተነሺ ካላቸውም ይነሳሉ።

የዚህ ሁሉ ሸክም የወደቀው በሃዋኒ ላይ ነው። ሃዋኒ የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የምትጠራው እሷ ናት፤ መብራት ሲጠፋም እሷ ትጠራለች፣ ሲመጣም እሷ። ባሏ ጂራ ባኮ ነው የሚሠራው፣ በቆሎ ሲመራመር ይውላል። ልጃቸው መቲም እዚያው ከአባቷና ከአያቷ ጋር ናት። ሃዋኒ ቅዳሜ በሚኒባስ ትሄዳለች፣ እሑድ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ ትመለሳለች። በአዲስ ዓመት ማግሥት ስልክ ስትደውል መቲ አባቷን "ማን ናት?" ብላ ስትጠይቅ ሰማች። ስልኩን ዘጋችና መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች።

እግዜር ይስጠውና ባኮ ያለ አንድ ጽሕፈት ቤት ክፍት ቦታ ተገኘላት። ቦታውን የሚጠብቁላት ግን እስከ ጥቅምት መጨረሻ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሌላ ይሰጣል። የሚቀራት የኦቦ ሞቱማ ፊርማ ያለበት የመልቀቂያ ደብዳቤ ነው።

"ቶሌ፣ እሺ" አሏት ኦቦ ሞቱማ ስትጠይቃቸው። "ግን አሁን ለሥልጠና ወደ አዳማ ልሄድ ነው። ስመለስ አንድ እናደርገዋለን።"

ኦቦ ሞቱማ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። ለሠራተኛው የገቡት ቃል ሁሉ ሳይነካ ሳይበረዝ እስከ ዛሬ ድረስ እንዳለ አለ።

አዳማ ላይ ምን እንደተማሩ በዝርዝር አይታወቅም። የሚታወቀው አሠልጣኙ ላፕቶፑን ከፍቶ ታስክባሩ ላይ አንዲት ምልክት ነካ ሲያደርግ ንግግሩ በሙሉ በጽሑፍ ሆኖ ግድግዳ ላይ መብራቱ፣ ኦቦ ሞቱማም ከዚያች ደቂቃ በኋላ አንድም ነገር አለመስማታቸው ነው። በተመለሱ ማግሥት ሃዋኒን አስጠሩ። ሃዋኒ ስለ ደብዳቤው መስሏት ክንፍ አውጥታ ደረሰች።

"ተቀመጪ። ይህ ታስክባር የሚባለው ነገር ይንቀሳቀሳል?"

"ይንቀሳቀሳል" አለች ሃዋኒ ግራ ገብቷት። "ከታች ወደ ላይ ማውጣት ይቻላል። ወደ ግራም፣ ወደ ቀኝም። ከተፈለገም ይደበቃል።"

ኦቦ ሞቱማ ወንበራቸው ላይ ለጠጥ አሉና በሐዘን አዩዋት። "ይህን ሁሉ እያወቅሽ እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?"

"የጠየቀኝ ሰው የለማ።"

"ይኸው ነው የኛ ችግር" አሉ ኦቦ ሞቱማ ማስታወሻ እየያዙ። "ሀብታችንን አናውቅም።"

"ኦቦ ሞቱማ፣ የመልቀቂያዬ ነገርስ?"

"መጀመሪያ ታስክባሩን እንጨርስ። አንቺ ከሄድሽ ማን ይሠራዋል?"

በሳምንቱ የታስክባር ማሻሻያ ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጠረጴዛው ላይ አምቦ ውሃ ተደረደረ፣ ቡሽ ቡሽ እያለ ተከፈተ፣ ኦቦ ሞቱማም ጉሮሯቸውን ጠርገው የመክፈቻ ንግግር አደረጉ። ከአገልግሎት አሰጣጥ አንጻር በታስክባር ዙሪያ የሚስተዋሉ ክፍተቶችን ለይቶ፣ ተግዳሮቶቹን ወደ መልካም አጋጣሚ ቀይሮ፣ ባለድርሻ አካላትን ያሳተፈ ወጥ ታስክባር መገንባት ለነገ የሚባል ሥራ አለመሆኑን በአጽንኦት ገለጹ። ጭብጨባው ሞቅ ያለ ነበር። ከአጨብጫቢዎቹ ግማሹ ታስክባር ማለት ከአዳማ የሚመጣ አዲስ የስብሰባ አበል ነው ብሎ ነበር የገመተው።

የመጀመሪያው አጀንዳ ታስክባሩ በየማን ስክሪን ላይ የት ይቀመጥ የሚል ነበር። ኃላፊ ሁሉን ከላይ ሆኖ ነው የሚያየውና የኦቦ ሞቱማ ታስክባር ከላይ እንዲሆን ተወሰነ። የአዴ ጌጤነሽ በግራ ሆነ። የክፍል አስተባባሪዎች ወደ ቀኝ ተመደቡ፣ የተራው ሠራተኛ ባለበት በታች ጸና። የመዝገብ ቤቱ ሹም ኦቦ ፉፋ ምሥጢር ያዥ ስለሆኑ ታስክባራቸው የሚደበቅ ዓይነት እንዲሆን ተደረገ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቅ የሚለው ማውሱ ጠርዙን ሲነካው ብቻ ነው። ኦቦ ፉፋ ደግሞ በሕይወታቸው ማውስ በፈቃዳቸው የነኩ ሰው አይደሉም።

ቀጥሎ የምልክቶቹ ቅደም ተከተል መጣ። የትኛው ፕሮግራም ስታርት ከሚባለው ማስጀመሪያ ቁልፍ አጠገብ ይቀመጥ በሚለው ላይ የፋይናንስና የዕቅድ ክፍሎች ተኳረፉ፤ አስታራቂ ተልኮ ምሳ አብረው በሉ። ከአዴ ጌጤነሽ ታስክባር ላይ የካርታ መጫወቻው ይነሳ ሲባል አዴ ጌጤነሽ በእርጋታ ተነሥተው፣ እሱ መጫወቻ ሳይሆን ጭንቀት ማስወገጃ መሆኑን አስረዱ። ነገሩ በሠራተኛ ደኅንነት ሥር ተይዞ ባለበት ቀጠለ።

እዚህ ላይ ቢቆሙ ኖሮ የሚጎዳ ሰው አልነበረም። ኦቦ ሞቱማ ግን ዓይናቸው ወደ ጥጉ ሄደ፤ ሰዓትና ቀን ወዳለበት።

"እዚህ ጋ ስምንት ተኩል ይላል" አሉ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ቀስረው። ቀጥለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። "እዚያ ደግሞ ሁለት ተኩል ይላል። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዓት? የትኛው ነው የሚዋሸው?"

"ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ይሄኛው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው" አለች ሃዋኒ።

"ዓመተ ምሕረቱስ? ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ይላል። እኛ ገና ሁለት ሺህ ዐሥራ አንድ መግባታችን ነው። ሰባት ዓመቱን ማን ወሰደው?"

አዴ ጌጤነሽ ደንገጥ ብለው ቀና አሉ። "ሰባት ዓመት ዕድሜ ጨምሮብን ኖሯል ማለት ነው?"

"በደንብ ነዋ" አሉ ኦቦ ሞቱማ። "ሃዋኒ፣ የኛን ሰዓትና የኛን ቀን እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል?"

ሃዋኒ የምትለውን ታውቅ ነበር። ኮምፒውተሩ ስለ መስከረም ምንም አያውቅም። አንደኛው ወር የሚለው በሠላሳ አንድ ቀን የሚያልቀውን የፈረንጅ ወር ነው፤ ሁለተኛው ወር ደግሞ በሃያ ስምንት ቀን ተንጠባጥቦ ያልቅበታል። ቁጥሩን በግድ ብንለውጥበት ለጊዜው ይቀበላል፣ ውሎ አድሮ ግን ያብዳል። ይህን ሁሉ ለመናገር አፏን ከፈተች።

"ይቻላል፣ ግን..."

"ግን የሚለውን ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች ተዪላቸው" አሉ ኦቦ ሞቱማ ፈገግ ብለው። "ይህችን ከጨረስሽልኝ ያቺን ነገርሽን እኔ አውቃለሁ።"

ያቺ ነገር መቲ ናት። ሃዋኒ ግኗን ከአምቦ ውሃው ጋር አንድ ላይ ዋጠችው። በማግሥቱ ከክፍል ክፍል እየዞረች የኮምፒውተሮቹን ሰዓት ስድስት ሰዓት፣ ዓመቱን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ መለሰችው። ወሩንም ቀኑንም በኛ ቁጥር አደረገችው። ሠራተኛው ስክሪኑን እያየ ተደነቀ። አዴ ጌጤነሽ ያን ቀን ፊታቸው ሁሉ ልጅ ልጅ ብሎ ዋለ።

ኢንተርኔት የሠራው እስከዚያ ቀን ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ማንኛውንም ገጽ ለመክፈት ቢሞክር አንድ ጽሑፍ ብቻ ብቅ ይላል፤ ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል የሚል። ጽሑፉን ሃዋኒ ስትተረጉምላቸው የኦቦ ሞቱማ ፊት ቲማቲም መሰለ።

"ወደ ኋላ ቀርታችኋል ነው የሚለን?"

"እኛን ሳይሆን ሰዓቱን ነው።"

"ያው ነው። ይህን የመሰለ ስድብ የሚጽፍ ኢንተርኔት በመሥሪያ ቤታችን አያስፈልግም።"

የኢንተርኔቱ ነገር በዚሁ ተዘጋ። የሠራተኛው የፌስቡክ ነገርም አብሮ ተዘጋ፤ ይህ ወደ ፊት የሚጠቅም ሆኖ ይገኛል።

መስከረም ሠላሳ አለፈ። በማግሥቱ ጥቅምት አንድ ሲብት፣ በጽሕፈት ቤቱ ስክሪኖች ሁሉ ላይ ቀኑ መስከረም ሠላሳ አንድ ሆኖ ነጋ። ኦቦ ኦሊቃ የሚባሉ የእጃጂ ገበሬ የይዞታቸውን ጉዳይ ለመጨረስ ጥቅምት አንድ ቀን ይምጡ ተብለው ስለነበር፣ በማለዳ ተነሥተው፣ በሚኒባስ ተጨናንቀው፣ ከመነኸሪያው በባጃጅ ደርሰው የአዴ ጌጤነሽ ጠረጴዛ ፊት ቆመዋል።

"ቀጠሮዎ ነገ ነው" አሏቸው አዴ ጌጤነሽ ስክሪኑን በግራ በኩል አዘንብለው እያዩ።

"ጥቅምት አንድ አይደል እንዴ ያላችሁኝ?"

"ነው። ዛሬ ግን መስከረም ሠላሳ አንድ ነው።"

ኦቦ ኦሊቃ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "እጃጂ ላይ ጥቅምት ገብቷል እኮ። ዛሬ ጠዋት ነው የገባው። መንገድ ላይም አብሮኝ ነበር።"

"እዚህ አልገባም።"

"እሺ፣ አይከፋም። እናንተ ጋ ሲገባ እንድመጣ ንገሩኝ" አሉና ኦቦ ኦሊቃ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። ሃዋኒ ይህን ከበሩ ጥግ ሆና ትሰማ ነበርና ሐፍረት ፊቷን አጋላት። ወዲያውኑ ኦቦ ሞቱማ ዘንድ ሮጠች።

"ኦቦ ሞቱማ፣ ቀኑን በእጄ ላስተካክለው። በየወሩ መጀመሪያ አንድ ጊዜ መንካት ይፈልጋል፣ የደቂቃ ሥራ ነው።"

ኦቦ ሞቱማ አሰቡበት። ሰው ናቸውና ለጥቂት ጊዜ ወደ እውነቱ ዘንበል ማለታቸውም አልቀረም። ጥቂት ቆይተው ግን የመሪነት መንፈስ መጣባቸው። "ዛሬ አንቺ ለበጎ ብለሽ ትነኪዋለሽ። ነገ አንዱ አርፋጅ ሰዓቱን ለመደበቅ ይነካዋል። ከነገ ወዲያ ሌላው ዓርብን ቅዳሜ ያደርገዋል። ቀን በእጅ ከተነካ ደንብ አለ ማለት ነው?"

እውነት ለመናገር፣ በዚያ ሰሞን ከተነገረው ሁሉ ይህኛው ትክክል ነበር። የከፋውም ለዚሁ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራ። የመሥሪያ ቤቱ ሕጋዊ ቀን ታስክባሩ ላይ የሚነበበው ቀን ብቻ እንደሆነ፣ ስልክ፣ የግድግዳ ካላንደርና የቤት ወሬ በማስረጃነት እንደማይያዙ፣ ታስክባሩን በእጁ የነካ ማንኛውም ሠራተኛ በዲሲፕሊን እንደሚጠየቅ ለውሳኔ ቀረበ። ከድምፅ አሰጣጡ በፊት ኦቦ ሞቱማ ሃዋኒን ገለል አድርገው አነጋገሯት።

"አንቺ ባለሙያዋ ነሽ። አንቺ እጅ ካወጣሽ ሁሉም ያወጣል። የመልቀቂያሽን ደግሞ ጥቅምት ሠላሳ ቀን ፈርሜ በዚህ እጄ እሰጥሻለሁ።"

"ጥቅምት ሠላሳ?" አለች ሃዋኒ፣ በሃያ ስምንት ቀን የሚያልቀውን ሁለተኛ ወር እያሰበች።

"ጥቅምት ሠላሳ። ከዚያ በፊት ዞኑ ስለሚያየን ባለሙያ አልለቅም። ከዚያ በኋላ ደግሞ አንቺም ቦታሽ ያልፍብሻል፤ እኔ እንዲያልፍብሽ አልፈልግም።"

ሃዋኒ ልታስረዳቸው ፈልጋ ነበር። ከዚያ መቲ "ማን ናት?" ያለችው ትዝ አላትና ገብታ እጇን አወጣች፤ እጇን ያየ ሁሉ እጁን አወጣ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ኦቦ ፉፋ ትንሽ አርፍደው ነበር ያወጡት፣ ምን እንደሆነ ጎረቤታቸውን እስኪጠይቁ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ የዞኑ ሱፐርቪዥን ቡድን መጣ። ቡድኑ ከክፍል ክፍል እየዞረ፣ ከላይ ያለውን ታስክባር ከላይ፣ ከጎን ያለውን ከጎን እያየ አድናቆቱን ገለጸ። በሥራ ሰዓት ፌስቡክ የሚያይ ሠራተኛ ቁጥር ስንት ነው ሲባል "ዜሮ" ተብሎ ተመለሰ። ቡድኑ አላመነም፤ ራሱ ሊከፍት ሞከረ፣ አልከፈት አለው። የቡድኑ መሪ መነጽሩን አውልቆ የኦቦ ሞቱማን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ።

"ይህን እኛም ዘንድ አልቻልነውም። እንዴት አደረጋችሁት?"

"ቁርጠኝነት ነው" አሉ ኦቦ ሞቱማ።

ተሞክሮው ተቀምሮ እንዲሰፋ አቅጣጫ ተቀመጠ። የሹመቱ ማጽደቂያ ደብዳቤም ጥቅምት ሳያልቅ እንደሚደርሳቸው ለኦቦ ሞቱማ በጆሯቸው ሹክ ተባለ። ከዚያ ቀን በኋላ የኦቦ ሞቱማ እግር መሬት አልነካ አለ። ሃዋኒም በበኩሏ ዕቃዋን በካርቶን ማሰር ጀመረች፣ ለጂራም ደወለች።

"ዓርብ እመጣለሁ። ጥቅምት ሠላሳ።"

"ደግሞ በዚያ ቀን አንድ ነገር እንዳይፈጥሩብሽ" አለ ጂራ።

"ቀኑ ከመጣ ይፈርማል።"

"ቀን ደግሞ የማይመጣበት አገር አለ እንዴ?" ብሎ ሳቀ ጂራ። ሃዋኒ አልሳቀችም።

ሐሙስ ዕለት፣ በሰው ሁሉ አቆጣጠር ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ ቀን፣ ታስክባሮቹ በሙሉ ጥቅምት ሃያ ስምንት ይሉ ነበር። ሃዋኒ ኦቦ ሞቱማ ዘንድ ገብታ ዛሬውኑ ይፈርሙልኝ ብላ ለመነቻቸው። "ቀኑ ይድረስ እንጂ" አሏት። "እኔ ቃሌን አስቀድሜም አልፈጽምም፣ አዘግይቼም አልፈጽምም።"

ዓርብ ጠዋት ሃዋኒ ካርቶኗን በር ላይ አስቀምጣ ስትገባ የመጀመሪያው ያየችው ስክሪን ኅዳር አንድ ይላል። ሁለተኛውም ኅዳር አንድ። እንዲህ እንደሚሆን ታውቅ ነበር፤ ቢሆንም ስታየው ክው አለች። የኦቦ ሞቱማን ቢሮ አንኳኩታ ገባች።

ኦቦ ሞቱማ ከልባቸው አዝነው ነበር የጠበቋት። "ሃዋኒ፣ ምን ላድርግሽ?" አሉ ወደ ስክሪናቸው አናት እያመለከቱ። "እኔ ብዕሬን አዘጋጅቼ ነበር። ትላንት ሃያ ስምንት ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ኅዳር አንድ ሆኖ አደረ። ጥቅምት ሠላሳ በዚህ ዓመት አልመጣልንም።"

"ኦቦ ሞቱማ፣ ቀኑ እኮ ዛሬ ነው። ከዚህ ግቢ ውጭ ያለ ሰው ሁሉ ዛሬን ጥቅምት ሠላሳ ነው የሚለው።"

"ከግቢ ውጭ ያለውን አላዝዝም።"

"ልጄ ረስታኛለች" አለች ሃዋኒ፣ ድምፅዋ ተሰበረ። "እኔ እናቷ እንደሆንኩ ልጄ ረስታለች።"

ኦቦ ሞቱማ መሐረብ አቀበሏት። ክፉ ሰው አልነበሩም። "የሚመጣው ዓመት ጥቅምት ሠላሳ ካለው ያለ ምንም ጥያቄ እፈርማለሁ" አሉ።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። አዴ ጌጤነሽ ናቸው። ቦርሳቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው፣ የውሃ ብርጭቋቸውን በአንድ እጃቸው፣ የጠረጴዛ ጨርቃቸውን በሌላው ይዘው ገቡ።

"አካም ቡልተኒ፣ እንደምን አደሩ። ኦቦ ሞቱማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና" አሉ በትሕትና። "ወንበሩ።"

"የቱ ወንበር?"

"የተቀመጡበት። የእርስዎ ደብዳቤ እስከ ጥቅምት ሠላሳ ድረስ ነበር። ዛሬ ኅዳር አንድ ነው፣ ማጽደቂያም አልመጣም። እኔ በሰው ወንበር መቀመጥ አልወድም፤ ደንቡ ግን ደንብ ነው።"

ኦቦ ሞቱማ ሳቁ። አዴ ጌጤነሽ ግን አልሳቁም። የኦቦ ሞቱማ ሳቅ ትንሽ መንገድ ሄዶ ብቻውን መቅረቱን ሲያውቅ ቆመ።

"ዛሬ ጥቅምት ሠላሳ ነው አዴ ጌጤነሽ" አሉ።

"የት ላይ?"

ኦቦ ሞቱማ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ስልክ በማስረጃነት እንደማይያዝ ትዝ ሲላቸው መልሰው ከተቱት። ግድግዳውን አዩ፤ ካላንደሩን በውሳኔው ማግሥት ራሳቸው ነበሩ ያስወረዱት። ዙሪያውን አይተው አይተው ዓይናቸው ሃዋኒ ላይ አረፈ።

"ሃዋኒዬ፣ ነዪማ እስቲ። ይህችን ቀን ትንሽ ወደ ኋላ መለስ አድርጊያት። የደቂቃ ሥራ ናት ብለሽኝ አልነበረም?"

ሃዋኒ መሐረቡን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ ይህን መደበቅ ስላልቻለች ጎንበስ አለች። "በእጅ መንካት በዲሲፕሊን ያስጠይቃል ኦቦ ሞቱማ። እኔም እጄን አውጥቼበታለሁ።"

በዚህ ሰዓት ኦቦ ፉፋ በሩ ላይ ብቅ አሉ። "የዞኑ መልእክተኛ አንድ ደብዳቤ ይዞ መጥቶ ነበር፣ ሹመት ነው ምናምን የሚል። መለስኩት።"

"ለምን?" አሉ ኦቦ ሞቱማ ብድግ ብለው።

"ቀኑ ጥቅምት ሠላሳ ይላል። ታስክባሩን አሳዩኝ ብዬ ልጆቹን ጠየቅሁ፣ እንዲህ ያለ ቀን የለም። የሌለ ቀን መዝገብ ላይ አላሰፍርም፤ በዚህ ዕድሜዬ በዲሲፕሊን ልጠየቅ እንዴ?"

ኦቦ ሞቱማ መልእክተኛውን ለመያዝ ሲሮጡ የታዩት ያን ጊዜ ነው። ያቺ ዞን እስኪደርሱ በባጃጅ የሄዱባት መንገድ በሕይወታቸው ከሄዱት ሁሉ ረጅሟ ነበረች ይባላል። ዞን ደርሰው ጉዳያቸውን ሲያስረዱ በትዕግሥት አዳመጧቸው። ችግር የለውም፣ ዛሬ ጥቅምት ሠላሳ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤትዎ በኃላፊው አስፈርመው ያምጡልን አሏቸው።

ኃላፊዋ በዚያ ሰዓት ጨርቃቸውን ጠረጴዛው ላይ አንጥፈው የሃዋኒን መልቀቂያ እየፈረሙ ነበር። ኦቦ ሞቱማ ከመስከረም ጀምሮ ያንከባለሉትን ነገር አዴ ጌጤነሽ ብርጭቋቸው ውስጥ ያለው ውሃ ሳይቀንስ ጨረሱት። ልጅ ያላት ሴት በዚህ መልክ አትያዝም አሉ፤ ቀኑንም ኅዳር አንድ ብለው በጥንቃቄ ጻፉበት።

"ከመሄድሽ በፊት ብቻ" አሉ ደብዳቤውን ሲሰጧት፣ "የኔን ታስክባር ከግራ ወደ ላይ አውጪልኝ። ኃላፊ ከጎን ማየት አይችልም።"

"ከዛሬ ኅዳር አንድ ጀምሮ የዚህ ቤት ሠራተኛ አይደለሁም አዴ ጌጤነሽ" አለች ሃዋኒ ደብዳቤውን ደረቷ ላይ ይዛ። አዴ ጌጤነሽ ስክሪኑን አዩ፣ እውነቷን እንደሆነ አዩ፣ ሰላም ግቢ አሏት።

ሃዋኒ በጉደር፣ በእጃጂ አድርጋ የሥራ ሰዓት ሳይወጣ ባኮ ገባች። ጂራ መቲን ትከሻው ላይ አድርጎ ከጽሕፈት ቤቱ አጥር ውጭ ይጠብቃታል። የባኮው ኃላፊ አቶ ደግፌ ደብዳቤውን ተቀብለው አነበቡት፤ ወደ ቀኑ ሲደርሱ ቆም አሉ።

"ይህ ነገ የተጻፈ ነው" አሉ።

"አዎ።"

"ዛሬ ጥቅምት ሠላሳ ነው እኮ። አምቦ ላይ ደብዳቤ የሚጻፈው ቀኑ ሳይደርስ ነው?"

ሃዋኒ ከታስክባሩ ጀምሮ እስከ ወንበሩ ያለውን በአጭሩ ነገረቻቸው። አቶ ደግፌ እንደሚስቁ ጠብቃ ነበር። አልሳቁም፤ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ተጠጉ፣ ዓይናቸውም አበራ።

"ፌስቡክን በአንድ ጊዜ ወደ ዜሮ አወረዳችሁት ነው የምትዪኝ? ቀኑም ከዞኑ የሚቀድም?" አሉ። "እንዲህ ያለ ባለሙያ ነው ስንፈልግ የኖርነው። ሰኞ ጠዋት ከኔ ኮምፒውተር ጀምሪልኝ።"

በመስኮቱ በኩል መቲ ከአባቷ ትከሻ ላይ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ ታያለች። ሃዋኒ ልጇን አየች፣ ከዚያ አቶ ደግፌን አየች፣ ከዚያ እጃቸው ላይ ያለውን፣ የኮምፒውተር ባለሙያ መሆኗን በማኅተም የሚመሰክረውን ደብዳቤ አየች።

"ጌታዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት" አለች። "እኔ ኮምፒውተር አልችልም።"